ግላይደር፦ የበረንዳው ተወዛዋዥ አግዳሚ ወንበር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገጣጠማል?

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ በብዙ ቤቶች በረንዳ ላይ ከእንጨት የተሠራ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ ሲታይ ተራ አግዳሚ ይመስላል፤ ሲቀመጡበት ግን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። በአገሩ «ግላይደር» ይባላል። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህን ወንበር ከጎረቤት በረንዳ ያውቁታል፤ ለራሳቸውም ይገዙታል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የሚሄዱ አባቶችና እናቶች በሞቃቱ ወራት ሲመሽ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ወንበር ላይ ነው።

ወንበሩ አብዛኛውን ጊዜ ተገጣጥሞ አይሸጥም። በጠፍጣፋ ካርቶን ታሽጎ፣ ብሎኖቹ በላስቲክ ከረጢት፣ መመሪያው በአንዲት ወረቀት ሆኖ ይመጣል። ገጣጣሚው ገዢው ራሱ ነው። መመሪያው የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን «ለምን» ማስረዳት ነው። በአንደኛ ደረጃና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ለዚህ በቂ መሆኑን እናያለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉትን አንድ ነገር እንመለከታለን፤ ይኸውም ግላይደር መፈተን ያለበት ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ሳይሆን ሰው ከእርሱ ሲነሣም መሆኑ ነው።

ወንበሩ እንዴት ይሠራል?

ተወዛዋዥ መቀመጫዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቅስት እግር ያለው ወንበር ነው፤ እርሱ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ሁለተኛው በሰንሰለት ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ዥዋዥዌ ነው። ሦስተኛው ግላይደር ነው። ግላይደር ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ወለሉ ላይ ጸንቶ የሚቆመው መሠረት፣ ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰው መቀመጫ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት አራት አጫጭር ማንጠልጠያዎች ናቸው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። የእያንዳንዱ ማንጠልጠያ የላይኛው ጫፍ ከመሠረቱ፣ የታችኛው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር በብሎን ይያያዛል። ስለዚህ መቀመጫው በመሠረቱ ላይ አልተጫነም፤ ከመሠረቱ ተንጠልጥሏል።

ወንበሩን ከጎን ብናየው መሠረቱ፣ የፊት ማንጠልጠያ፣ መቀመጫውና የኋላ ማንጠልጠያ አራት ጎን ያለው ቅርጽ ይሠራሉ። መሐንዲሶች ይህን «ባለ አራት ዘንግ ሥርዓት» ይሉታል። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1784 ለእንፋሎት ሞተሩ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የዘንጎች አሠራር የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ሁለቱ ማንጠልጠያዎች እኩልና ትይዩ ከሆኑ ቅርጹ ፓራሌሎግራም ይሆናል። በዚህ ጊዜ መቀመጫው ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ሲሄድ አያዘነብልም። እያንዳንዱ የመቀመጫው ነጥብ በተመሳሳይ ቅስት ላይ ይጓዛል፤ የቅስቱም ሬድየስ የማንጠልጠያው ርዝመት ነው። እዚህ ላይ ርዝመት ስንል ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ያለውን ማለታችን ነው።

ማንጠልጠያዎቹ ትይዩ ካልሆኑ ግን ሌላ ነገር ይከሰታል። የሁለቱን ማንጠልጠያዎች መሥመር በሐሳብ እናስረዝመው። መሥመሮቹ ከወንበሩ በላይ ከተገናኙ መቀመጫው በዚያች ቅጽበት በመገናኛው ነጥብ ዙሪያ የሚዞር ይመስላል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ሲሄድ የፊት ጠርዙ እንደ ዥዋዥዌ ከፍ ይላል። መሥመሮቹ ከታች ከተገናኙ ደግሞ ወደ ፊት ሲሄድ የፊት ጠርዙ ዝቅ ይላል፤ ተቀማጩንም ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። አንዳንድ ሠሪዎች ለምቾት ሲሉ ጥቂት ዝንባሌን ሆን ብለው ያስገባሉ። ሆኖም የፊቱን ማንጠልጠያ በኋላው ቦታ ያስገባ፣ ወይም ሁለት ቀዳዳ ካለበት የተሳሳተውን የመረጠ ገጣጣሚ፣ ሠሪው ካሰበው ተቃራኒ የሆነ ወንበር ያገኛል። በመመሪያው ላይ የፊትና የኋላ ምልክት ካለ ሊናቅ የማይገባው ስለዚህ ነው።

የውዝዋዜው ጊዜ

ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1673 ስለ ፔንዱለም ሰዓት ባሳተመው መጽሐፍ የትንንሽ ውዝዋዜን ጊዜ ከፔንዱለሙ ርዝመት ጋር የሚያዛምደውን ሕግ አስቀምጧል። ርዝመቱን በመሬት ስበት ሽምጠጣ እናካፍላለን፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት እንወስዳለን፤ ያንንም በ2 እና በፓይ (3.14) እናባዛለን። የሚገኘው የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ፣ ማለትም የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ ነው።

ትይዩ ማንጠልጠያ ያለው ግላይደር ስለማያዘነብል በቀላል ፔንዱለም ሕግ ይገዛል። በ9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ስናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን፦

– ማንጠልጠያው 20 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ 0.90 ሰከንድ
– 25 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ 1.00 ሰከንድ
– 30 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ 1.10 ሰከንድ
– 40 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ 1.27 ሰከንድ

ለማነጻጸር ያህል፣ ከጣሪያ 2 ሜትር ያህል ወርዶ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አንድ ደርሶ መልስ ለማድረግ ወደ 2.8 ሰከንድ ይፈጅበታል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የተቀማጩ ክብደት እንደሌለ ልብ ይሏል። አንድ ሕፃን ቢቀመጥም፣ ሁለት ጎልማሶች ቢቀመጡም የውዝዋዜው ጊዜ አይለወጥም። ክብደት ሲጨምር መቀመጫውን ወደ መሐል የሚመልሰው ጉልበት ይጨምራል፤ መንቀሳቀስ ያለበት መጠነ ቁስም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሁለቱ ይጣጣላሉ። ቦታም ቢሆን ልዩነቱ ኢምንት ነው። የስበት ሽምጠጣ በዋሽንግተን 9.80፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በከፍታዋና ለምድር ወገብ በመቅረቧ ምክንያት በግምት 9.77 ነው። ያው ወንበር አዲስ አበባ ቢመጣ የውዝዋዜው ጊዜ ከሺህ አንድ ተኩል ያህል ብቻ ይረዝማል።

ይህ ጊዜ ለገዢው ምን ይጠቅመዋል? ማንጠልጠያው በረዘመ መጠን ውዝዋዜው ዝግ ያለና የሚያሳርፍ ይሆናል። በሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚሞክር ሰው ባለ ረጅም ማንጠልጠያውን መውደዱ የማይቀረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም።

የሚነሣ ሰው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መቀመጫውን ወደ መሐል የሚመልሰው ጉልበት የሚመጣው ከተንጠለጠለው ክብደት ነው። መቀመጫው 20 ኪሎ ግራም፣ የተቀመጡት እናት 60 ኪሎ ግራም፣ ማንጠልጠያው 25 ሳንቲሜትር ይሁን። አንድ ሰው መቀመጫውን በ50 ኒውተን ጉልበት፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዕቃ ለማንሣት በሚበቃ ጉልበት ወደ ኋላ ቢገፋው፣ መቀመጫው 1.6 ሳንቲሜትር ያህል ተገፍቶ ይቆማል። ይህ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም።

እኚሁ እናት ሊነሡ ነው እንበል። እጃቸውን የመቀመጫው ጠርዝ ላይ አድርገው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ክብደታቸው ከመቀመጫው ወደ እግራቸው ይሸጋገራል። በዚያች ቅጽበት በማንጠልጠያዎቹ ላይ የሚቀረው የመቀመጫው የራሱ 20 ኪሎ ግራም ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ያው የ50 ኒውተን ግፊት አሁን መቀመጫውን 6.2 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ አራት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ወንበሩን አጽንቶ የያዘው የተቀማጩ ክብደት ነበር፤ ተቀማጩ ድጋፍ በሚሻበት ሰዓት ያ ክብደት ወንበሩን ይለቀዋል። በሱቅ ውስጥ ጸጥ ብሎ የሚያወዛውዘው አግዳሚ በአረጋዊ ሰው እጅ ሥር ወደ ኋላ የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። በመቀመጥም ጊዜ እንዲሁ ነው፤ የመቀመጫው ጠርዝ በእግር ጀርባ ሲነካ ባዶው ወንበር በቀላሉ ይገፋል።

ከዚህ ስሌት አራት የመምረጫ መመሪያዎች ይወጣሉ።

1. ማንጠልጠያው አጠር ያለ ይሁን። መቀመጫው የሚሸሸው ርቀት ከማንጠልጠያው ርዝመት ጋር ቀጥታ ይዛመዳል፤ የውዝዋዜው ጊዜ ግን ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚዛመደው። ከ40 ወደ 20 ሳንቲሜትር ብናሳጥረው የሚሸሸው ርቀት ከ9.9 ወደ 4.9 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። የውዝዋዜው ጊዜ ግን ከ1.27 ወደ 0.90 ሰከንድ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ከምቾቱ የምናጣው ጥቂት፣ ከደኅንነቱ የምናገኘው ብዙ ነው። አረጋውያን ለሚቀመጡበት ወንበር ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ያለውን እመርጣለሁ።

2. የክንድ መደገፊያው ከየትኛው ክፍል ጋር እንደተያያዘ ይታይ። በአንዳንድ ግላይደሮች መደገፊያው ከሚንቀሳቀሰው መቀመጫ ጋር፣ በሌሎች ደግሞ ከጽኑው መሠረት ጋር ተያይዟል። ለሚነሣ ሰው የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ እጁን ያሳረፈበት ነገር አይሸሽምና።

3. መቀመጫው ራሱ ከበድ ያለ ይሁን። ባዶው መቀመጫ 20 መሆኑ ቀርቶ 30 ኪሎ ግራም ቢሆን 6.2 ሳንቲሜትር የነበረው 4.2 ይሆናል። ለማንሣት የሚያስቸግር ወንበር ለመነሣት ይመቻል።

4. ማቆሚያ ያለው ቢገኝ ይመረጥ። በቁልፍ ወይም በመወርወሪያ መቀመጫውን ከመሠረቱ ጋር የሚያጣብቅ ግላይደር አለ። ማቆሚያው ጎንበስ ሳይሉ የሚደረስበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንጨቱ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ቲክ፣ ነጭ ኦክ፣ ምዕራባዊ ቀይ ሲዳርና በመድኃኒት የተነከረ ፓይን ናቸው። ስለ ስም አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። «ሲዳር» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን «ዝግባ» ተብሏል፤ የሊባኖሱ ዛፍ፣ የእኛ አገር ዝግባና የአሜሪካው ቀይ ሲዳር ግን ሦስት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ቀይ ሲዳር ከአገራችን ዛፎች ይልቅ የሚቀርበው ለዝግባ ሳይሆን ለጥድ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ጥድን ለአጥር ቋሚነት ያስመረጠው መበስበስን የመቋቋም ጠባይ በሲዳርም አለ።

ሲዳር ቀላልና ለስላሳ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩቡ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ነጭ ኦክ ከዚህ እጥፍ በላይ፣ 760 ገደማ ይመዝናል። ሁለቱም ዝናብን ይችላሉ፤ ከላይ እንዳየነው ግን የኦኩ ክብደት ለሚነሣው ሰው ይረዳል። ቲክ የራሱ ቅባት ስላለው ሳይቀባም ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ መለወጡ ጉዳት አይደለም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የተነከረው ፓይን ርካሽ ነው። ያገለገለ ወንበር የሚገዛ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በክሮሚየም፣ በመዳብና በአርሴኒክ የሚነከረው እንጨት በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት መመረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የተነከረ ፓይን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ማንደድ አይገባም።

እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፤ መልሶም ይሰጣል። ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም ለማለት ይቻላል፤ በቃጫው አቅጣጫ ያለው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነውና። የእርጥበቱ መጠን ከ8 ወደ 14 በመቶ ቢያድግ፣ 14 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የኦክ ጣውላ እንደ አሰነጣጠቁ እስከ 2.9 ሚሊሜትር፣ የሲዳሩ እስከ 1.4 ሚሊሜትር ይሰፋል። በመቀመጫው ጣውላዎች መካከል 6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት የሚተወው ውኃ እንዲወርድ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ሲያብጥ ጣውላዎቹ እንዳይጋፉም ነው።

ማጠፊያውና ብረቱ

ሁለት ሰዎችና መቀመጫው በድምሩ 170 ኪሎ ግራም ይሁኑ። ክብደቱ ለአራቱ ማንጠልጠያዎች እኩል ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ወደ 417 ኒውተን ይሸከማል። ሰው ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ድንገተኛ ጭነት ቀስ ብሎ ከሚጫነው እስከ እጥፍ ስለሚደርስ፣ 834 ኒውተን እንያዝ። ለ8 ሚሊሜትር የብረት ብሎን ይህ ምንም አይደለም። የሚጎዳው እንጨቱ ነው። ብሎኑ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ውስጥ ሲያልፍ የሚጫነው 8 በ25፣ ማለትም 200 ካሬ ሚሊሜትር ላይ ነው፤ ግፊቱ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 4.2 ኒውተን ይሆናል። በቃጫው ላይ ተሻግሮ ሲጫን ሲዳር መሰርጎድ የሚጀምረው ወደ 3.2፣ ነጭ ኦክ ወደ 7.4 ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በሲዳር ውስጥ ባዶውን የገባ ብሎን ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ሞላላ ያደርገዋል፤ ከዚያም ወንበሩ መንቋቋት ይጀምራል። 14 ሚሊሜትር ውጫዊ ስፋት ያለው ቡሽ ወይም ኩሽኔታ ከተገባበት ግን ግፊቱ ወደ 2.4 ይወርዳል። በገዢው ዘንድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ እንግዲህ «ብሎኑ ስንት ነው?» ሳይሆን «ቀዳዳው ውስጥ ምን አለ?» የሚል ነው።

ማንጠልጠያው ራሱ ከእንጨት ከሆነ ቀዳዳው ወደ ጫፉ እንዳይቀርብ ይታይ። ለስላሳ እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ሲሳብ ከቀዳዳው እስከ ጫፉ የብሎኑን ውፍረት 7 እጥፍ ያህል ቢተውለት መልካም ነው፤ ለ8 ሚሊሜትር ብሎን 56 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ብሎኑ፣ ሮንዴላውና ዳዶው የማይዝግ ብረት፣ ወይም በወፍራሙ ዚንክ የለበሰ ይሁን። የኦክ እንጨት ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ከተራ ብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ እንጨቱን ያጠቁረዋል። የተነከረ ፓይን ያለው መዳብም ተራ ብረትን ቶሎ ያዝጋል።

አገጣጠም

አንደኛ፤ ዕቃውን ሁሉ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ዘርግቶ መቁጠር። ከዚያ አራቱን ማንጠልጠያዎች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳዎች ብሎን ማሳለፍ። ሁለቱም ብሎኖች ያለ ትግል ካለፉ ርዝመታቸው እኩል ነው። ካላለፉ ዕቃው ይመለስ። ምክንያቱን ማንም አራት እግር ያለው የሚንገዳገድ ጠረጴዛ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ማንጠልጠያ ቢረዝም ጭነቱ ባመዛኙ በማዕዘን ትይዩ ባሉት ሁለቱ ላይ ይወድቃል። ከላይ ያሰላነው 4.2 ኒውተን ወደ 8.3 ይደርሳል፤ ይህን ኦክም አይችለውም።

ሁለተኛ፤ መሠረቱን ማቆም። ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ ማጥበቅ፤ በመፍቻ አለመቸኮል። ከዚያ መሠረቱ ከላይ ሲታይ ሬክታንግል መሆኑን ለማረጋገጥ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ መሥመሮች መለካት። 120 በ60 ሳንቲሜትር ለሆነ መሠረት ሁለቱም 134.2 ሳንቲሜትር መሆን አለባቸው። እኩል እስኪሆኑ ድረስ ጥጉን በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ። ስኳድራ አንድ ጥግ ብቻ ይመረምራል፤ የሰያፎቹ ልኬት ግን አራቱንም ባንድ ጊዜ ይመረምራል። ከተስተካከለ በኋላ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ በመፍቻ ማጥበቅ።

ሦስተኛ፤ ማንጠልጠያዎቹን በመሠረቱ ላይ መስቀል። እዚህ ላይ የብሎኑ ሥራ ይለወጣል። የመሠረቱ ብሎን ሁለት እንጨት አጣብቆ እንዲይዝ ይጠብቃል፤ የማንጠልጠያው ብሎን ግን ዘንግ ስለሆነ ማጣበቅ የለበትም። ዳዶው ወደ ጎን መንቀጥቀጥ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይጠብቅ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማንጠልጠያውን አግድም እስኪሆን አንሥቶ መልቀቅ። ወድቆ ጥቂት ጊዜ ከተወዛወዘ መልካም፤ በመንገድ ላይ ከቀረ ሰበቃው በዝቷልና ዳዶው ይላላ። እንዲህ ላልቶ የገባ ተራ ዳዶ በውዝዋዜው ብዛት ራሱን ስለሚፈታ፣ በውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለው ራሱን ቆላፊ ዳዶ ግዴታ ነው።

አራተኛ፤ መቀመጫውን ማንጠልጠል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይሥራው። መቀመጫውን በእንጨት ቁራጮች ላይ አሳርፎ፣ ቀዳዳዎቹ ያለ ጭነት ፊት ለፊት እስኪገናኙ ድረስ ከፍታውን ማስተካከል። ብሎን በመዶሻ ተመትቶ የሚገባ ከሆነ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው።

አምስተኛ፤ ወንበሩን በቦታው ማኖር። በረንዳዎች ውኃ እንዲወርድባቸው ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ያዘነብላሉ። በውኃ ልክ ታይቶ ዝንባሌው 2 በመቶ ከሆነ፣ 25 ሳንቲሜትር ማንጠልጠያ ያለው መቀመጫ 5 ሚሊሜትር ወደ ቁልቁለቱ ያፈነግጣል፤ ችግር አይደለም። ማንጠልጠያው 20 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን መቀመጫው ከመሐል 8.6 ሳንቲሜትር ስለሚርቅ፣ ከጀርባው እስከ ግድግዳው የሰው እጅ የማይጣበቅበት ርቀት፣ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይተው።

እንጨቱን በተልባ ዘይት የሚቀባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ሙቀትም ይሰጣል። የተቀባበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ፈተሻ

ማንም ከመቀመጡ በፊት ወንበሩ በአሸዋ ወይም በሩዝ ከረጢት ይፈተን፤ ጭነቱ ይቀመጡበታል ከሚባሉት ሰዎች ክብደት አይነስ፣ ሠሪው ከፈቀደውም አይለፍ። ከዚያ መቀመጫውን ጥቂት ገፋ አድርጎ መልቀቅና የ10 ውዝዋዜ ጊዜ በሰዓት መለካት። 25 ሳንቲሜትር ማንጠልጠያ ላለው 10 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። ያንኑ ባዶውን መድገም። ሁለቱ ከተለያዩ ማንጠልጠያዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ በዚህ ጊዜ የጭነቱ ከፍታ በጊዜው ላይ ለውጥ ያመጣልና። ሠሪው ያላሰበው ዝንባሌ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተሳስተዋል። ውዝዋዜው ቆሞ እስኪያርፍ ድረስ የተቆጠረው ብዛትም ይመዝገብ። ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ በጣም ካነሰ ማጠፊያው ደርቋል ወይም ጠብቋል። በዚያው ቀን የመሠረቱ ብሎኖች እንደገና ይጠበቁ፤ እንጨቱ ከአዲሱ አየር ጋር ሲላመድ ይኮማተራልና።

ስለ ሕፃናት ጣት፣ በሚንቀሳቀሰውና በጽኑው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በካሮት ይፈተን። መቀመጫው ሲወዛወዝ ካሮቱን የሚቆርጥ ወይም የሚጨፈልቅ ቦታ ከተገኘ በጣውላ ይከደን፤ ወይም ወንበሩ ሕፃናት ባሉበት ሁልጊዜ በማቆሚያው ተቆልፎ ይዋል።

በመጨረሻ የመነሣት ፈተና ይደረግ። አንድ ጎልማሳ ይቀመጥ፤ እንደ አረጋዊ እጁን ተደግፎ፣ በዝግታ ይነሣ። ሌላው ሰው መቀመጫው ስንት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ እንደሸሸ በሜትር ይለካ። ከ5 ሳንቲሜትር ብዙ ካለፈ ወንበሩ ያለ ማቆሚያ ለአረጋውያን አይሆንም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የማንጠልጠያው ርዝመት 36 ሳንቲሜትር ቢሆን የ10 ውዝዋዜ ጊዜ ስንት ይሆናል?

2. እናት ሕፃን ታቅፋ ብትቀመጥ የውዝዋዜው ጊዜ ለምን አይለወጥም? ልጁ ከመቀመጫው ወርዶ ከወለሉ ቆሞ በእጁ ቢገፋትስ ምን ይለወጣል?

3. ባዶው መቀመጫ 15 ኪሎ ግራም፣ ማንጠልጠያው 20 ሳንቲሜትር ነው። የሚነሣ ሰው በ50 ኒውተን ቢገፋው ስንት ይሸሻል? ከላይ ከተሰጠው የ5 ሳንቲሜትር ወሰን ጋር አነጻጽሩ።

መልስ፦ 1. 12 ሰከንድ ገደማ። 2. ክብደቱና መጠነ ቁሱ እኩል ስለሚጨምሩ ጊዜው ያው ነው፤ ልጁ ወርዶ በትክክለኛው ቅጽበት ቢገፋ የሚያድገው የውዝዋዜው ስፋት እንጂ ጊዜው አይደለም። 3. 6.4 ሳንቲሜትር ያህል፤ ማንጠልጠያው አጭር ቢሆንም መቀመጫው ቀላል ስለሆነ ከወሰኑ ያልፋል፤ ማቆሚያ ያስፈልገዋል።